ቤትህ ወዴት ነው? በሌላ ግዛት ታርጋ ስለሚነዳ ቤትና ስለ ግብሩ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በመንገድ አግኝቶ «ቤትህ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅህ ለመመለስ አትቸገርም። ማታ የምትተኛበትን፥ ልጆችህ የሚማሩበትን፥ ታመህ ብትተኛ ጎረቤት መጥቶ የሚጠይቅህን ስፍራ ትነግረዋለህ። ለዚህ ቀላል ጥያቄ ሁለት መልስ የሚያዘጋጅ ሰው ግን አለ፤ አንዱን መልስ ለጎረቤቱ ያስቀምጣል፥ ሁለተኛውን ለግብር ሹም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእርሱን ነገር ነው። ነገሩ በተለይ የሚታየው በአሜሪካ ነው፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በዚያ ስለሚኖሩ፥ ከዚህም ወደዚያ ለትምህርት የሚሄዱ ስላሉ፥ ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል።

በዚያ አገር ሞተርሆም የሚባል ትልቅ አውቶሞቢል አለ። መንጃው ከፊት፥ መኖሪያው ከኋላ ሆኖ አልጋና ምድጃ፥ የውሃ ማጠራቀሚያና መጸዳጃ ይዞ ይሄዳል። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፥ ወይም በዕረፍት ወራት ልጆቻቸውን አገር ለማሳየት የሚወዱ ሰዎች ይገዙታል። አዲሱ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ታላላቆቹማ ከዚያ እጥፍ ድርብ ይበልጣሉ። የፌዴራሉ የገቢ ግብር ሕግ እንኳ መተኛ፥ ማብሰያና መጸዳጃ ካለው እንደ መኖሪያ ቤት ይቈጥረዋል፤ በብድር የገዛውም ሰው ሌላውን ሁኔታ ካሟላ የብድሩን ወለድ እንደ ሁለተኛ ቤት ወለድ ከሚገበርበት ገቢ ሊቀንስ ይፈቀድለታል። እንግዲህ «ቤት» ብዬ ብጠራው አላጋነንሁም።

በአገራችን በቀደመው ዘመን ነጋዴ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። በአሜሪካ በግዛትና በግዛት መካከል ኬላ የለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግና የራሱ ግምጃ ቤት ስላለው ግብሩ ከግዛት ወደ ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ ዕቃ የሚገዛ ሰው በዋጋው ላይ ከመቶ 7.25 የሽያጭ ግብር ይከፍላል፤ ይህ ዝቅተኛው ነው፥ ብዙ ከተሞችና አውራጃዎች በላዩ ይጨምሩበታልና። ሞንታና፥ ኦሪገን፥ ኒው ሃምፕሽር፥ ዴላዌርና አላስካ ግን በግዛት ደረጃ በጠቅላላው ሽያጭ ላይ የተጣለ ግብር የላቸውም። ለአንድ ኪሎ ስኳር ይህ ልዩነት ኢምንት ነው፤ ለሁለት መቶ ሺህ ዶላር አውቶሞቢል ግን የሰው ልብ የሚፈተንበት ገንዘብ ይሆናል።

ሕግ አውጪዎቹም ይህን ፈተና አስቀድመው ሳያስቡት አልቀሩም። በ1935 ዓመት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) የዋሽንግተን ግዛት ከሽያጭ ግብር ጋር አንድ ሌላ ግብር አቆመ፤ ይኸውም በውጭ ተገዝቶ ወደ ግዛቱ ገብቶ በሚያገለግል ዕቃ ላይ የሚከፈል የመገልገያ ግብር ነው። ገዢው በገዛበት ግዛት ግብር ከፍሎ እንደ ሆነ ያ ይታሰብለታል። የግራንድ ኩሊን ግድብ የሚሠሩ ተቋራጮች መሣሪያቸውን ከውጭ ገዝተው አምጥተው ነበርና ግብሩን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በ1937 ዓመት ዳኛ ካርዶዞ በጻፈው ፍርድ ግብሩ ጸና። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከውጭ የመጣው ዕቃ በግዛቱ ውስጥ ከተገዛው ይልቅ የከበደ ሸክም አልተጫነበትም፥ ሁለቱ እኩል ሆኑ እንጂ። የሽያጭ ግብር ያላቸው ግዛቶችም ሁሉ ዛሬ የመገልገያ ግብር አላቸው።

አሁን ወደ ብልሃቱ እንምጣ። በሳክራሜንቶ የሚኖር አንድ ሰው እናስብ፤ ስም አልሰጠውም፥ እርሱን የሚመስሉ ብዙዎች ናቸውና። በ200,000 ዶላር ሞተርሆም ሊገዛ ተስማማ። በዝቅተኛው መጠን ቢታሰብ እንኳ ግብሩ 14,500 ዶላር ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ወዳጁ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ለምን በሞንታና አታስመዘግበውም?» ይለዋል። «እኔ የሞንታና ነዋሪ አይደለሁም» ቢል፥ «አንተ ባትሆን ማኅበርህ ይሆናል» ብሎ ይመልስለታል። በሞንታና ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ይህን ሥራ ብለው የያዙ ጠበቆችና ወኪሎች በዚያ አሉ። ሰውየው ወረቀት ይፈርማል፥ መጠነኛ ገንዘብ ይልካል፤ ወኪሉ አድራሻውን ለማኅበሩ ያውሰዋል። አውቶሞቢሉ በማኅበሩ ስም ይገዛል፥ ሊብሬው በማኅበሩ ስም ይወጣል፥ ታርጋውም በፖስታ ቤት በኩል ሳክራሜንቶ ይደርሳል። ማኅበሩ ሠራተኛ የለውም፤ ንግድ የለውም፤ የሚያርሰው መሬት፥ የሚሸጠው ዕቃ የለውም። ያለው ንብረት አንድ አውቶሞቢል ነው፤ እርሱም በሳክራሜንቶ በሰውየው ደጅ ቆሞአል።

ካሊፎርኒያ ይህን እንዴት ታየዋለች? ነዋሪዋ የሆነ ሰው አውቶሞቢል በውጭ ገዝቶ በ12 ወር ውስጥ ወደ ግዛቷ ቢያስገባው፥ ሌላ ማስረጃ ካላመጣ በቀር፥ በውስጧ ሊገለገልበት እንደ ገዛው ይቈጠራል፤ የመገልገያ ግብሩንም ይከፍላል። ግብሩን ለመሰወር ሲል ዐውቆ በሌላ ግዛት ያስመዘገበ ሰው ቢገኝ ደግሞ የግብሩን እኩሌታ መቀጫ ይጨምርበታል፤ በምሳሌአችን 14,500 ዶላሩ 21,750 ይሆናል፥ ወለዱ ሳይታሰብ። የመንገድ ፖሊሱም በሌላ ግዛት ታርጋ የሚነዱ ነዋሪዎችን ሕዝብ የሚጠቁምበት ሥርዓት አቁሞአል። ይህን የጥቆማ ሥርዓት እኔ በበኩሌ አልወደውም፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ታርጋ እየጻፈ ሲኖር መንደሩ ምን መንደር ይሆናል? ነገር ግን በጎረቤቶች መካከል መተማመንን ቀድሞ ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅም ይገባል።

መድኑን በአጭሩ ልናገርና ልለፈው። የመድን ማኅበር ውል ሲገባ አውቶሞቢሉ ዘወትር ወዴት እንደሚቆምና ማን እንደሚነዳው ይጠይቃል። «በሞንታና» ብሎ የመለሰ ሰው በሳክራሜንቶ አደጋ ቢደርስበት፥ ከ14,500 ዶላር የሚበልጥ ነገር በእጁ ላይ እንደ ተሰበረ ያን ቀን ያውቃል። ይህ ግን የፍርሃት ምክንያት ነው፤ አንባቢ ሆይ፥ እኔ ከአንተ ጋር ልነጋገርበት የምወደው ስለ ፍርሃት አይደለም። ማንም የማይደርስበት ቢሆንስ? ጥያቄው ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «ሕግ ሳልተላለፍ ግብሬን ብቀንስ ምን በደል አለብኝ?» የሚለው ነው። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። በ1934 ዓመት ለርንድ ሃንድ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ዳኛ፥ ሰው ነገሩን ግብሩ በሚያንስበት መንገድ ቢያሰናዳ ነውር እንደሌለበት፥ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚበልጥ ጥቅም የሚያስገኘውን መንገድ ይመርጥ ዘንድም ግዴታ እንደሌለው ጽፎአል። ይህን ቃል የግብር አማካሪዎች ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ሃንድ ይህን በጻፈበት በዚያው ፍርድ የፈረደው ግብር ልትቀንስ በፈለገችው ሴት ላይ ነበር። ወይዘሮ ግሬጎሪ በ1928 ዓመት አክሲዮን ከአንድ ማኅበር ወደ ራስዋ ለማሳለፍ ብላ ሌላ ማኅበር አቋቋመች፤ ያ ማኅበር በመስከረም 18 ቀን ተወልዶ በመስከረም 24 ቀን ሞተ። ወረቀቱ ሁሉ ሕጉ እንደሚያዝዘው የተሟላ ነበር። ሃንድ ግን ሕጉ ስለ እውነተኛ የማኅበር ሥራ ሲናገር እንዲህ ያለውን መሸጋገሪያ ማለቱ እንዳልሆነ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1935 ዓመት ፍርዱን አጸናው። የፊተኛውን ቃል የሚጠቅሱ ሰዎች የኋለኛውን ፍርድ ቢያነብቡ መልካም ነበር።

ነገር ግን ማታለል የሌለበት ጽሑፍ ለመጻፍ ከፈለግሁ የሚቃወመኝንም ልንገርህ ይገባኛል። በ2014 ዓመት የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ ቀርቦለት ነበር። አንድ የዚያ ግዛት ነዋሪ የሞንታና ማኅበር አቋቁሞ ሞተርሆም በማኅበሩ ስም ገዛ፤ የግዛቱ የግብር መሥሪያ ቤትም የማኅበሩን መጋረጃ ገልጦ ግብሩን ከሰውየው ከራሱ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ግን ለሰውየው ፈረደ። ገዢው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበርም በሕግ ፊት የራሱ ሰውነት ያለው ነው፤ ግብርን ለመቀነስ ብሎ ማኅበር ማቋቋም ብቻውን ማታለል አይደለም የሚል ነው የፍርዱ ሐሳብ። ይህን ፍርድ የሰሙ ሁሉ ደስ አላቸው፥ ወኪሎቹም በጣም ደስ አላቸው።

እንግዲህ ያ ሰው ጻድቅ ነውን? የፍርድ ቤቱን ሥራ ልብ በል። ዳኞቹ የተጠየቁት መንግሥት ከዚህ ሰው ይህን ገንዘብ በዚህ መንገድ ሊወስድ ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ «አይችልም» አሉ። መንግሥት የዜጋውን ማኅበር እንደ ፈለገ እንዳያፈርስ ሕግ ቢከለክለው መልካም ነው፤ እኔም ዳኛ ብሆን እንደ እነርሱ ልፈርድ እችል ነበር። ነገር ግን መንግሥት ሊነካው የማይችለው ነገር ሁሉ ትክክል አይደለም። ሰው ለእናቱ ሳይጽፍ አሥር ዓመት ቢቈይ ዳኛ አያስረውም። ፍርድ ቤት ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ምን ሊያደርጉብህ እንደሚችሉ ይነግርሃል፤ ለጎረቤትህ ምን እንደ ተናገርህ ግን የምታውቀው አንተ ነህ።

ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ጠያቂዎቹ ዲናሩን እንዲያመጡ አድርጎ በላዩ ያለውን መልክና ጽሕፈት እንዳስመለከታቸው ታውቃለህ። የነገሩ አፈታት በገንዘቡ ላይ በተጻፈው ነገር ተጀመረ። አንተም ሊብሬውን አውጥተህ ተመልከተው። የማን ስም ተጽፎአል? የአንተ አይደለም፤ የሚስትህም አይደለም። አንድ ሰው ስሙን ብታስበው የማያውቀው፥ በማንም ደጅ ቆሞ የማያውቅ ማኅበር ነው። አድራሻው ወዴት ነው? አንተ ምናልባት አይተኸው በማታውቀው ከተማ፥ ከአንድ ጠበቃ መሥሪያ ቤት ነው። እንግዲህ ይህ ወረቀት ስለ ቤትህ የሚናገረው ምን እውነት አለው?

በዚህ ስፍራ «ሞንታና ራስዋ ፈቅዳ የለምን? ለሚሰጥ እጅ ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ስለ ሞንታና ሰዎች ትንሽ ልናገር፤ ነገሩን ሳጠና ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። የሞንታና ሰዎች የሽያጭ ግብር የሌላቸው ግብር ስለሌለባቸው አይደለም። በ1971 ዓመት፥ ደግሞም በ1993 ዓመት የሽያጭ ግብር ይቁም ተብሎ ሲቀርብላቸው በድምፃቸው ጣሉት። በዚህ ፈንታ የገቢ ግብር ይከፍላሉ፥ በቤታቸውና በመሬታቸውም ላይ ግብር ይከፍላሉ። ትምህርት ቤታቸው፥ መንገዳቸው፥ በክረምት በረዶ የሚጠርገው መኪናቸው ሁሉ በዚያ ይተዳደራል። ይህ በመካከላቸው የቆመ ስምምነት ነው፤ «ስንገዛ አንክፈል፥ ስናገኝና ስንይዝ እንክፈል» እንደ ማለት ነው። የካሊፎርኒያም ሰዎች የራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ እነርሱ ሲገዙም ሲያገኙም ይከፍላሉ፥ የቤታቸው ግብር ግን በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያድግ በ1978 ዓመት በድምፃቸው አግደዋል።

የሳክራሜንቶው ሰው ምን አደረገ? ከሞንታና ስምምነት የሚጣፍጠውን ቆርሶ ወሰደ፤ መራራውን ለሞንታና ሰዎች ተወላቸው፥ በዚያ ገቢም ቤትም የለውምና። ከካሊፎርኒያም ስምምነት የሚጣፍጠውን አስቀረ፤ መንገዱን፥ ሆስፒታሉን፥ እሳት ሲነሣ የሚመጣውን የእሳት አደጋ መኪና፥ የቤቱንም ግብር ገደብ። መራራውን ለጎረቤቱ ተወለት። በሁለት ማኅበር እድርተኛ ነኝ ብሎ በሁለቱም የለቅሶ ቀን እየበላ በሁለቱም የወር መዋጮ ቀን የሚጠፋ ሰው በአገራችን ቢገኝ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ሞንታናም በነገሩ ዝም አላለችም፤ ዋጋው ከ300,000 ዶላር በላይ በሆነ፥ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ባላለፈ ሞተርሆም ላይ ከተለመደው ክፍያ ሌላ በየዓመቱ 800 ዶላር ታስከፍላለች።

«መንገዱን ነዳጅ ስቀዳ እከፍልበታለሁ» የሚለው መልስ እኩሌታው እውነት ነው። በእያንዳንዱ ጋሎን ቤንዚን ላይ የፌዴራሉ መንግሥት 18.4 ሳንቲም ይወስዳል፤ ይህም ከ1993 ዓመት ጀምሮ አልተለወጠም። ግዛቶቹም በላዩ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ሞተርሆም ብዙ ነዳጅ ስለሚጠጣ ባለቤቱ በዚህ በኩል ብዙ ይከፍላል። የሽያጭ ግብር ግን የመንገድ ግብር አይደለም፤ ለግዛቱ ግምጃ ቤት፥ ከፊሉም ለከተሞችና ለአውራጃዎች፥ ለጸጥታ ጥበቃና ለጤና የሚገባ ነው። ለዳቦ ቤቱ የከፈለ ሰው ለሥጋ ቤቱም የከፈለ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በሌላ ግዛት ያስመዘገበን ሁሉ እከስሳለሁ ብለህ እንዳታስብ። ቤታቸውን ሸጠው፥ ዕቃቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው፥ ዓመቱን ሙሉ በሞተርሆም የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ክረምቱን በአሪዞና፥ በጋውን በተራራው አገር ያሳልፋሉ። እነዚህ «ቤትህ ወዴት ነው?» ቢባሉ በእውነት የሚያመለክቱት ደጅ የላቸውም፤ ሕግ ግን አንድ ስፍራ ይኑራችሁ ይላቸዋል። ብዙዎቹ ቴክሳስን፥ ፍሎሪዳን ወይም ሳውዝ ዳኮታን ይመርጣሉ፤ በእነዚህ ግዛቶች የገቢ ግብር የለምና። በሳውዝ ዳኮታ ሌላ ቋሚ መኖሪያ የሌለው መንገደኛ የደብዳቤ መቀበያ አድራሻ ይዞ፥ በግዛቱ አንድ ሌሊት ማደሩን በደረሰኝ አሳይቶ የመንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለጆሮ ከሞንታናው ነገር ጋር አንድ ይመስላል። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት፤ እነዚህ ሰዎች በሳውዝ ዳኮታ አውቶሞቢል ሲያስመዘግቡ በዋጋው ላይ ከመቶ 4 ይከፍላሉ፥ በቴክሳስም ከመቶ 6.25። ስማቸው በሊብሬው ላይ አለ። የመንጃ ፈቃዳቸውና መድናቸው አንድ አድራሻ ይናገራሉ። ከመረጡት ስፍራ የሚጣፍጠውንም መራራውንም አብረው ተቀብለዋል፤ የተዉትንም ስፍራ በእውነት ትተውታል። እንዲህ ያለውን ሰው ግብሩ ስላነሰ ብቻ የሚነቅፍ ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የካሊፎርኒያም ነዋሪ ሞተርሆሙን በውጭ ተረክቦ ዓመቱን ሙሉ በእውነት በውጭ ቢገለገልበት፥ ሕጉ ራሱ የከፈተለት በር ነውና ይግባበት። በእውነት በውጭ ሳይሆን ደረሰኝ ብቻ እየሰበሰበ የሚያሳልፈው ግን ወደ ቀድሞው ነገር ተመልሶአል።

ሞተርሆም የማያውቁ ወገኖቻችንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በሰሜን ቨርጂኒያ፥ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን፥ በፌርፋክስም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በቨርጂኒያ አውራጃውና ከተማው በመኪና ዋጋ ላይ በየዓመቱ ግብር ይጥላሉ፤ ወንዙን ተሻግሮ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ከተማ በግል መኪና ላይ እንዲህ ያለ ግብር የለም። አዲስ ነዋሪ በቨርጂኒያ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ሕግ ያዝዛል። በዚህ ጊዜ «የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖር የለምን? በእርስዋ አድራሻ ይሁን» ማለት ይመጣል። አክስት ልጅ እምቢ ለማለት ታፍራለች፤ ዝምድና ነውና። የቨርጂኒያው ትምህርት ቤት ልጆቹን ያስተምራል፥ ታርጋው ግን የሜሪላንድ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ስለ ሆነ ነገሩ ጥቂት ይመስላል። እኔ ግን ይህ ከሞተርሆሙ ይልቅ የከፋ ጎን አለው እላለሁ፤ ሞንታና ያለው ጠበቃ በዋጋው ይዋሻል፥ ይህች ዘመድ ግን በፍቅርዋ እንድትዋሽ ተጠየቀች። የፖሊስ ወረቀት ቢመጣ የሚመጣው ወደ እርስዋ ደጅ ነው።

ወደ ሳክራሜንቶው ሰው ልመለስ፤ ከግብሩ የሚበልጥ ዕዳ አለበትና። በበጋው ዕረፍት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሄደ እንበል። በሰፈሩበት ስፍራ አንድ ደግ ሽማግሌ ታርጋውን አይቶ፥ «ከሞንታና ናችሁን? እኔም በወጣትነቴ በዚያ ሠርቻለሁ፤ ከየትኛው ከተማ ናችሁ?» ብሎ ልጁን ይጠይቀዋል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱን ቀና ብሎ ያያል። አባቱ ምን ያድርግ? እውነቱን ቢናገር በማያውቀው ሰው ፊት ያፍራል፤ በሐሰት ቢመልስ ልጁ ይሰማል። ብዙ አባቶች ሳቅ ብለው ነገሩን ወደ ሌላ ይመልሱታል፤ ማታ ደግሞ ልጁን ለብቻ ጠርተው ሰው ሲጠይቅ ምን ማለት እንደሚገባ ያስተምሩታል። የ14,500 ዶላሩ ቍጠባ በዚያች ማታ አንድ ትምህርት ገዛ። ያ ልጅ ለመንግሥት የሚነገር አንድ ቤት፥ የሚኖሩበት ሌላ ቤት እንዳለ ተማረ፤ ነገ አድጎ አባቱን «ወዴት አመሸህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት መልስ እንደሚያዘጋጅ ማን ያስደንቀዋል?

ሚስቱስ? ማኅበሩ ሲቋቋም ፈርሚ ተብላ ፈርማለች። ምን እንደ ፈረመች ብትጠይቅ «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ተባለች። ሁሉም ሰው አያደርገውም። በዚያው መንገድ፥ በዚያው ሳምንት ያገለገለ አሮጌ መኪና ገዝቶ ወደ መዝገብ ቤት ሄዶ፥ ተሰልፎ፥ የተጠየቀውን ግብር የከፈለ የቀን ሠራተኛ አለ። ለእርሱ ጠበቃ አልነበረውም፤ ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃ ልዩነትም በመኪናው ዋጋ ውስጥ አልነበረም። ይህ ብልሃት የሚጠቅመው ብዙ ያለውን ብቻ መሆኑን ሳስብ፥ ስለ ግብር መብዛት የሚቀርበው አቤቱታ ሁሉ በጆሮዬ ይቀዘቅዛል። ግብሩ በዝቶ ይሆናል። በዝቶአል የሚል ሰው ለእንደራሴው ይጻፍ፥ በጋዜጣ ይናገር፥ በምርጫ ቀን ድምፁን ይስጥ፤ የሞንታና ሰዎች ያደረጉት ይህን ነው። የእነርሱን ድምፅ ተውሶ የራሱን ግብር መተው ግን ለጎረቤቱ ምንም አያቀልለትም።

ምናልባት ይህን የምታነበው ነገሩን አስቀድመህ ካደረግኸው በኋላ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ስለ አንተ የምለው አጭር ነው። ካሊፎርኒያና ሌሎችም ብዙ ግዛቶች፥ ደብዳቤ ሳይጻፍበት በገዛ ፈቃዱ የሚመጣን ግብር ከፋይ የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው፤ ተይዞ ከሚመጣውም ጋር እኩል አያዩትም። ወደ አንድ ሐቀኛ የግብር ዐዋቂ ሂድ፤ ማኅበሩን ወደ ሸጠልህ ወኪል አትሂድ። ከመሄድህ በፊት ግን አንድ ማታ የግዢውን ውል፥ የነዳጁንና የሰፈርህበትን ስፍራ ደረሰኞች፥ የመድኑንም ወረቀት በገበታ ላይ ዘርጋ። የቀን መቍጠሪያ አምጣና ከገዛህበት ቀን ጀምረህ አውቶሞቢሉ በእያንዳንዱ ሌሊት ያደረበትን ስፍራ ጻፍ። የማታስታውሰውን ልጅህን ጠይቀው፥ ልጆች እንዲህ ያለውን አይረሱምና። ሚስትህንም ከአጠገብህ አስቀምጥ፤ የእርስዋም ፊርማ በማኅበሩ ወረቀት ላይ አለ።